የኦቲስ ሬዲንግ ሰባት ዙሮች በስድስት ሲዲ፦ የመድረክ ቅጂዎቹን ምንጭ ለሚያጣራ ሰው የቀረበ ግምገማ

የአሜሪካዊው የሶል ዘፋኝ የኦቲስ ሬዲንግ የመድረክ ቅጂዎች ችግር ማነሳቸው አይደለም፤ አድራሻቸው መጥፋቱ ነው። አንዱ ዘፈን በሦስትና በአራት አልበም ላይ «ላይቭ» ተብሎ ይመጣል። የት፣ በየትኛው ምሽት፣ ከየትኛው ባንድ ጋር እንደተዘፈነ ሲጠየቅ ግን ሽፋኑ ዝም ይላል። ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ደግሞ የነበረችው ጥቂት መረጃም መንገድ ላይ ትራገፋለች፤ በመጨረሻ የሚቀረው «ኦቲስ ላይቭ 1966» የሚል ስም ብቻ ነው፤ ዓመቱም ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው።

ለዚህ ችግር ከወጡት ነገሮች ሁሉ ትልቁ በ2016 የታተመው ባለ ስድስት ሲዲ ስብስብ «ላይቭ አት ዘ ዊስኪ ኤ ጎ ጎ፦ ዘ ኮምፕሊት ሪኮርዲንግስ» ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሬዲንግ ኤፕሪል 8፣ 9 እና 10 ቀን 1966 ዌስት ሆሊውድ ውስጥ ሰንሴት ቡሌቫርድ ላይ ባለው ዊስኪ ኤ ጎ ጎ ክለብ ያቀረባቸውን ሰባት ዙሮች (ዙር ማለት ከዕረፍት እስከ ዕረፍት ያለው የመድረክ ዝግጅት ነው) በሙሉ ይዟል። እንደ ተዘፈኑ፣ በቅደም ተከተላቸው፣ ከአስተዋዋቂው ድምፅና በዘፈኖቹ መካከል ከሚሰማው ወሬ ጋር።

ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጠው። ለማድመጥ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ስድስት ሲዲ ይበዛል። የአንድን ቅጂ ምንጭ ማወቅ ለሚፈልግ ግን ምትክ የለውም። ምክንያቱም ከዚህ በፊት የነበሩን የተመረጡ ቁርጥራጮች ብቻ ነበሩ፤ ቁርጥራጭን ከቁርጥራጭ ጋር ማመሳከር ደግሞ የትም አያደርስም። ይህ ስብስብ ሙሉውን ጨርቅ ዘርግቶ ሰጠን፤ የእጃችንን ቁራጭ እያነሱ የት ላይ እንደሚገጥም መለካት ተቻለ።

ቁርጥራጮቹን እንያቸው። ቴፑ ከተቀረጸ በኋላ ከሁለት ዓመት በላይ ከመደርደሪያ አልወረደም። ሬዲንግ ዲሴምበር 10 ቀን 1967 ዊስኮንሲን ግዛት ማዲሰን አጠገብ ሞኖና ሐይቅ ላይ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። «ኢን ፐርሰን አት ዘ ዊስኪ ኤ ጎ ጎ» የተባለው የመጀመሪያው ሸክላ ለገበያ የቀረበው ከዚያ በኋላ፣ በ1968 አትኮ በተባለ የሸክላ አሳታሚ፣ ኤስዲ 33-265 በሚል ቁጥር ነው፤ ዐሥር ዘፈኖች አሉት። በ1982 አትላንቲክ «ሪኮርድድ ላይቭ»ን አወጣ። በ1993 ሌላው አሳታሚ ስታክስ «ጉድ ቱ ሚ» በሚል ርእስ ሁለተኛ ክፍል አሳተመ። በ2010 ደግሞ ባለ ሁለት ሲዲው «ላይቭ ኦን ዘ ሰንሴት ስትሪፕ» መጣ።

እዚህ ላይ ነው ግራ መጋባቱ የሚጀምረው። «ፔይን ኢን ማይ ሃርት»ና «ዲዝ አርምስ ኦፍ ማይን» በ1968ቱም ሸክላ አሉ፣ በ1993ቱም ሲዲ አሉ። የስም መመሳሰል ግን ቅጂውን አንድ አያደርገውም፤ ያው ዘፈን በሦስቱ ምሽቶች ደጋግሞ ተዘፍኗል። አልበም ለማውጣት ስለሚቀረጽ ደግሞ ያንኑ ዘፈን በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ የተጫወቱበት አጋጣሚም አለ፤ «አይ ካንት ተርን ዩ ሉስ»ንና «ሳቲስፋክሽን»ን በዚህ ረገድ ልብ ብላችሁ ተከታተሉ። የ1968ቱ ሸክላ እነዚህን የተበታተኑ ዘፈኖች እንደ አንድ ምሽት አቀጣጥሎ ያሰማል። ሲያደምጡት የሚፈስ ነገር ነው፤ መረጃ አድርጎ ለመውሰድ ግን ያሳስታል። በዘፈኖቹ መካከል ያለው ጭብጨባ ከፊተኛው ዘፈን ይሁን ከኋለኛው፣ ወይስ ከሌላ ምሽት ተቆርጦ የገባ፣ ከሸክላው ብቻ መለየት አይቻልም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ይሁን፦ ጭብጨባን ለምስክርነት አትጥሩ።

ድምፁስ?

ስብስቡ ከመጀመሪያው ባለ አራት ትራክ ቴፕ (አራት ድምፅ ለየብቻ የተቀዳበት) እንደ አዲስ ሚክስ የተደረገ፣ ማለትም ድምፆቹ እንደገና የተቀላቀሉ ነው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ የሬዲንግ ጉሮሮ ሲሻክርና ከማይክሮፎኑ ሲርቅ ለይቶ ይሰማል፤ የቤዙ ቅርጽም ከድሮው ሸክላ ይበልጥ ይለያል። ባንዱ ብዙ ሰው እንደሚገምተው የስታክስ ስቱዲዮ ባንድ አይደለም፤ ሬዲንግ ከከተማ ከተማ ይዞት የሚዞረው የራሱ የጉዞ ባንድ ነው። ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራምና የሳክስፎን፣ የትራምፔትና የትሮምቦን ረድፍ አለው። የትንፋሽ መሣሪያዎቹ አንዳንድ ቦታ ቅኝታቸው ይዛነፋል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥር አለ፤ ለእኛ ግን ወርቅ ነው። የተዛነፈ ትራምፔት የጣት አሻራ ማለት ነው። ባንዱ አንዱን መግቢያ ሺህ ጊዜ በአንድ ዓይነት ሊጫወተው ይችላል፤ አንድን ስሕተት ግን ሁለት ጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአንድ መጠን አይሠራውም።

ከሲዲዎቹ ጋር የሚመጣው ጽሑፍም ሊጠቀስ ይገባዋል። የሊኔል ጆርጅ ሐተታ በ2018 ለምርጥ የአልበም ጽሑፍ የሚሰጠውን የግራሚ ሽልማት አግኝቷል፤ ክለቡንና ዘመኑን በደንብ ያሳያል። ፋይሎቹን ብቻ ገዝቶ ማውረድ የሚፈልግ ሰው ይህን እንደሚያጣ ይወቅ።

ማመሳከሪያው እንዴት ይሠራል?

ያልታወቀ ምንጭ ያለው አንድ ቅጂ እጃችሁ ገብቷል እንበል፤ «ዲዝ አርምስ ኦፍ ማይን» ነው፣ ሰው ሲያጨበጭብ ይሰማል፣ ሌላ ምንም የለም። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የዘፈኑን ርዝመት ነው። ርዝመት ግን ከሁሉ ደካማው ማስረጃ ነው። አንዱ አሳታሚ መግቢያውን ይቆርጣል፣ ሌላው ጭብጨባውን ያረዝማል፤ ዐሥራ አምስት ሰኮንድ ልዩነት ምንም ላይነግረን ይችላል። ዘፈን የሚለይ የስልክ መተግበሪያም አይበቃም፤ በመዝገቡ ካሉት አንዱን ስም ያወጣል፣ የትኛው ምሽት እንደሆነ ግን አያውቅም።

የሚሠራው መንገድ ይህ ነው። ቅጂውንና በስብስቡ ያሉትን የዚያን ዘፈን ቅጂዎች ሁሉ በአንድ የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ውስጥ ክፈቱ፤ ነጻው ኦዳሲቲ ይበቃል። ሁሉንም ወደ አንድ መለኪያ አምጡ፤ የሲዲው በሰኮንድ 44,100 ናሙና ነው፣ የእናንተም እንዲሁ ይሁን። ከዚያ በዘፈኑ ውስጥ አምስት ምልክቶች ምረጡ፦ የመጀመሪያው የድራም ምት፣ የመጀመሪያው የትንፋሽ መሣሪያዎች መግቢያ፣ ዘፋኙ ከዜማው ወጥቶ የሚጮህባት አንዲት ቦታ፣ መሀል ላይ ባንዱ የሚቆምበት ወይም የሚሰበርበት ቅጽበት፣ የመጨረሻው የሲምባል ምት። ማዕበሉን (ፕሮግራሙ የሚያሳየውን የድምፁን ሥዕል) አጉልታችሁ የእያንዳንዱን ሰዓት እስከ መቶኛ ሰኮንድ መዝግቡ። አሁን ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ሌሎቹ ያለውን ርቀት አስሉ፤ የአንዱን ቅጂ ርቀት ለሌላው አካፍሉ።

በምሳሌ እንየው። በእናንተ ፋይል ከመጀመሪያው ምት እስከ መሀሉ ሰበራ 60.00 ሰኮንድ ነው፣ እስከ መጨረሻው ሲምባል 120.00። በስብስቡ ካሉት በአንዱ ላይ 60.24 እና 120.48 አገኛችሁ። ሁለቱም ሲካፈሉ 1.004 ይሰጣሉ። ይህ አንድ አፈጻጸም ነው፤ ልዩነቱ የማጫወቻው ፍጥነት ብቻ ነው። ሌላው ቅጂ ላይ ደግሞ 60.24 እና 119.10 ብታገኙ፣ አንዱ ውጤት ከ1 ይበልጣል፣ ሌላው ያንሳል፤ ፍጥነት እንዲህ አያደርግም። ሰዎች ናቸው በሌላ ምሽት ሌላ ሩጫ የሮጡት። ስብስቡ ውስጥ አንዱም ካልገጠመ፣ ቅጂው ከዊስኪ አይደለም ማለት ይቻላል። ይህን «አይደለም» በልበ ሙሉነት ለማለት የቻልነው ሰባቱም ዙሮች በእጃችን ስላሉ ነው። የ2010ሩ ባለ ሁለት ሲዲ ይህን ማድረግ አይችልም፤ እዚያ አለመገኘቱ ሌላ ዙር ላይ አለመኖሩን አያረጋግጥምና።

የፍጥነቱን ነገር አታቃልሉት። ሸክላ ማጫወቻ ግማሽ በመቶ ብቻ ቢፈጥን በሦስት ደቂቃ ዘፈን ላይ 0.9 ሰኮንድ ያጎድላል። ሁለቱን ቅጂ መጀመሪያው ላይ አስተካክሎ አብሮ ያጫወተ ሰው መጨረሻ ላይ ሲለያዩ ይሰማና «ሌላ ቅጂ ነው» ብሎ ይደመድማል። በጣም የተለመደው ስሕተት ይህ ነው። የዜማውን ቁልፍ አይቶ መወሰንም ያው ጉድለት አለበት፤ ስድስት በመቶ ገደማ የፍጥነት ልዩነት ዘፈኑን አንድ ግማሽ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል።

የአንዱን ቅጂ ማዕበል ገልብጦ ከሌላው ጋር በመደመር ዝምታ የመፈለግ ዘዴም አለ። ቅጂዎቹ ከአንድ ሚክስ የተወሰዱ ሲሆኑ ያስደንቃል፤ ሁሉም ነገር ይጠፋል። እዚህ ግን አይሠራም። የ1968ቱና የ2016ቱ ሚክስ የተለያየ ስለሆነ፣ አፈጻጸሙ አንድ ቢሆንም ድምፅ ይተርፋል። ስለተረፈ ብቻ «ሌላ ቅጂ» እንዳትሉ። በኤምፒ3 የመጣ ፋይል ደግሞ ራሱ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ዝምታ ይጨምራል፤ በተለመደው አቀያየር 1,105 ናሙና፣ ማለትም 25 ሚሊሰኮንድ ገደማ ነው። ስለዚህ ከፋይሉ መጀመሪያ ሳይሆን ከመጀመሪያው የድራም ምት ቁጠሩ።

የትኛው ዘፈን ላይ መጀመር ይሻላል? ዝግ ያሉት ላይ። «ዲዝ አርምስ ኦፍ ማይን» እና «ጀስት ዋን ሞር ዴይ» ዘፋኙ እንደ ልቡ የሚያዘገያቸው ናቸው፤ አንዱን ቃል አንድ ምሽት ሲጎትተው፣ በማግስቱ ቶሎ ይለቀዋል። ባንዱም አብሮት ይጠብቃል። ልዩነቱ በጆሮ ብቻ እንኳ ይያዛል። ፈጣኖቹ ይከብዳሉ፤ «አይ ካንት ተርን ዩ ሉስ» ላይ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ያንኑ ሐረግ እንደ ማሽን ይደጋግማሉ፣ ድራሙም አይላወስም። እዚያ ባንዱን ትታችሁ ዘፋኙን ተከተሉ። «ሳቲስፋክሽን» መጨረሻው ላይ ሬዲንግ ግጥሙን ትቶ በቁርጥራጭ ቃላት ከድራሙ ጋር ይፋለማል፤ ስንት ጊዜ እንደሚደጋግም፣ የት ትንፋሽ እንደሚወስድ፣ የት ላይ ድምፁ እንደሚሰነጠቅ በየዙሩ ይለያያል። ከዚያ ክፍል ሃያ ሰኮንድ ወስዶ ትንፋሾቹን መቁጠር ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። ራሱም ዘፈኑ ከሌሎቹ ይለያል፤ በሮሊንግ ስቶንስ ቅጂ ጊታር የሚጫወተውን ሐረግ እዚህ የሚይዙት የትንፋሽ መሣሪያዎች ናቸው፤ የቅኝት መዛነፉም እዚያው ላይ ይገኛል።

ስብስቡ የማይፈታው

ከዊስኪ ውጭ ያለው ነገር ብዙ ነው፤ ይህን ስብስብ ገዝቶ ሁሉንም አገኛለሁ የሚል ያዝናል። ከሁሉ ቀዳሚው ከኒው ዮርኩ አፖሎ ቲያትር ኖቬምበር 16 ቀን 1963 የተቀረጸው ነው፤ በአትኮ ወጥቶ ከነቤን ኢ. ኪንግና ከነሩፉስ ቶማስ ጋር በአንድ ሸክላ ላይ ይገኛል፤ ከሬዲንግ ያሉት ሁለት ዘፈኖች «ፔይን ኢን ማይ ሃርት»ና «ዲዝ አርምስ ኦፍ ማይን» ናቸው። ምንጩ ከጠፋ ቅጂ ጋር በብዛት የሚምታቱትም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው፤ በዊስኪም አሉና። ሴፕቴምበር 1966 ለንደን ውስጥ «ሬዲ ስቴዲ ጎ» የተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት ሙሉ ፕሮግራም ሰጥቶት ነበር። ማርች 1967 ላይ የስታክስ ዘፋኞች አውሮፓን ሲዞሩ በ17 ለንደን ፊንስበሪ ፓርክ አስቶሪያ፣ በ21 ፓሪስ ኦሎምፒያ ተቀርጿል፤ «ላይቭ ኢን ዩሮፕ» በሚል ዘፋኙ በሕይወት ሳለ የታተመው ሸክላ ከዚህ ጉዞ የመጣ ነው። ለእነዚህ ሁለት ምሽቶች በ2008 የወጣውን «ላይቭ ኢን ለንደን ኤንድ ፓሪስ» እንደ መለኪያ ተጠቀሙ። ኤፕሪል 7 ኦስሎ ላይ የተቀረጸ ፊልም አለ። ጁን 17 ቀን 1967 ደግሞ ካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ላይ አምስት ዘፈን ዘፍኗል፤ በ1970 ከጂሚ ሄንድሪክስ ጋር ፊትና ጀርባ ሆኖ በአንድ ሸክላ ወጥቷል።

ደስ የሚለው፣ ማረሚያ ፕሮግራም ከመክፈት በፊት ግማሹን ሥራ የዘፈኑ ስም ብቻ ይሠራል። «ትራይ ኤ ሊትል ቴንደርነስ»ን ሬዲንግ ስቱዲዮ ገብቶ የቀረጸው በሴፕቴምበር 1966 ነው፤ የመድረክ ቅጂው ዊስኪ ተብሎ ከተጻፈበት ጽሑፉ ውሸት ነው። «ፋ-ፋ-ፋ-ፋ-ፋ» እና «ዴይ ትሪፐር»ም ከዚያው ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ወዲህ ያሉ ናቸው፤ ሲሰሙ 1967ንና አውሮፓን አስቡ። ከቢትልስ የተወሰደ ሌላ ዘፈን፣ «ኤ ሃርድ ዴይስ ናይት»፣ ከሆነ ግን በተቃራኒው ወደ ዊስኪ ይጠቁማል። የጄምስ ብራውን «ፓፓስ ጋት ኤ ብራንድ ኒው ባግ»ም እንዲሁ።

ሁለተኛው ወንፊት ባንዱ ነው። በአውሮፓና በሞንተሬይ ከኋላው የቆሙት ቡከር ቲ ኤንድ ዘ ኤምጂስ ናቸው፤ ቡከር ቲ ጆንስ ኦርጋን፣ ስቲቭ ክሮፐር ጊታር፣ ዳክ ደን ቤዝ፣ አል ጃክሰን ድራም። ኦርጋን ጎልቶ ከተሰማ ዊስኪን ተዉትና 1967 ላይ አተኩሩ። የትንፋሽ መሣሪያዎቹም ያኔ ጥቂት ናቸው፣ ቅኝታቸውም የጠበቀ ነው።

«ሲቲን ኦን ዘ ዶክ ኦፍ ዘ ቤይ» ላይቭ ተብሎ ከመጣ ደግሞ ገንዘባችሁን ያዙ። ዘፈኑ ስቱዲዮ መቀረጽ የጀመረው ኖቬምበር 22 ቀን 1967 ነው፤ ሬዲንግ ከዚያ በኋላ የኖረው 18 ቀን ብቻ ነው። ጭብጨባ ያለበትን ፋይል ከስቱዲዮው ቅጂ ጋር በአምስቱ ምልክቶች ለኩት፤ ሁሉም ቦታ ከገጠመ ጭብጨባው በኋላ የተለጠፈ ነው። ፉጨቱ ትንፋሽ ለትንፋሽ መግጠሙን ማየት ብቻውን ይበቃል።

የሳምንቱን ቀን መፈተሽም ቀላልና ጠቃሚ ነው። ኤፕሪል 8 ቀን 1966 ዐርብ ነበር፣ 10 እሑድ። «ቅዳሜ ኤፕሪል 10» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቅጂ ከጅምሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ያ እሑድ ፋሲካ ነበር፤ በዚያ ዓመት የምዕራባውያኑና የኦርቶዶክሱ ፋሲካ በአንድ ቀን ነው የዋለው። ሬዲንግ የመጨረሻዎቹን ዙሮች የዘፈነው በትንሣኤው ዕለት ምሽት መሆኑን አውቆ ማድመጥ ለብቻው ስሜት አለው።

ፋይሉ ራሱ የሚናገረው

ሁሉም ነገር ካልገጠመ፣ ቅጂው በምን በምን መንገድ እንዳለፈ ድምፁ ውስጥ ፈልጉ። እዚህ ስብስቡ አይረዳም፤ ግን ከስብስቡ ቅጂ ጋር ጎን ለጎን ማየት ንጹሑ ምን እንደሚመስል ያስተምራል።

ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት የራሱ ደብዛዛ ጥላ ከተሰማ ርቀቱን ለኩ። በትክክል 1.8 ሰኮንድ ከቀደመ ያ የሸክላ ጥላ ነው፤ በ33⅓ ፍጥነት አንድ ዙር 1.8 ሰኮንድ ይፈጃል፣ የጎረቤት መስመር ድምፅ ነው የሚያስተጋባው። «ከዋናው ቴፕ የተወሰደ» ተብሎ የሚሸጥ ቅጂ ላይ ይህ ከተገኘ ምንጩ ሸክላ ነው፣ ክርክሩ አለቀ። የማጫወቻው ፍጥነት ትንሽ ከተዛነፈ ቁጥሩ በዚያው ልክ ይዛነፋል።

የኤሌክትሪክ ሁምታውን በስፔክትረም (ድምፁን በየድግግሞሹ ለይቶ በሚያሳየው ሥዕል) አጥኑ። 60 ኸርዝ አሜሪካን፣ 50 ኸርዝ አውሮፓን ይጠቁማል። የስፔክትረሙ መጠን ቢያንስ 16,384 ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ ሁለቱ መስመሮች ተደባልቀው ይታያሉ። አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ ሁምታው የተቀረጸበትን ብቻ ሳይሆን የተባዛበትን ቦታም ሊናገር ይችላል። ሁለቱም ከተገኙ ቅጂው ውቅያኖስ ተሻግሮ እንደገና ተባዝቷል ማለት ነው።

19,000 ኸርዝ ላይ ቀጥ ያለ ቀጭን መስመር ከታየ ከኤፍኤም ስቴሪዮ ሬዲዮ የተቀዳ ነው። 15,625 ወይም 15,734 ኸርዝ ላይ ከሆነ የቴሌቪዥን ፉጨት ነው፤ ፊተኛው የአውሮፓ ባለ 625 መስመር፣ ኋለኛው የአሜሪካ። ከ16,000 በላይ ሁሉም ነገር በቢላ እንደተቆረጠ ከቆመ፣ ፋይሉ በአንድ ወቅት በዝቅተኛ ጥራት ኤምፒ3 አልፏል፤ አሁን በትልቅ ፋይል ቢቀርብም የጠፋው አልተመለሰም። ዋጋ ከመክፈል በፊት ናሙና ጠይቃችሁ ይህን ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የ1968ቱን ሸክላ ለሚያድኑ ደግሞ፦ መለያው ላይ ያለውን አድራሻ አንብቡ። «75 ሮክፌለር ፕላዛ» ካለ እትሙ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው፤ «1841 ብሮድዌይ» ከዚያ በፊት። ሙዚቃው ያው ነው፣ ሻጩ ግን «የመጀመሪያ እትም» ብሎ ዋጋ እንዳይጨምርባችሁ።

ቅሬታዎች

ስብስቡ ላይ ያለን ትልቁ ቅሬታ አጠቃቀሙ ላይ ነው። ስድስት ሲዲ ውስጥ አንዱን ዘፈን ፈልጎ ሁሉንም ቅጂዎቹን መሰብሰብ ጊዜ ይበላል። ለማመሳከር የሚሆነው የመጀመሪያ ሥራ ሲዲዎቹን በሙሉ ጥራት ኮምፒውተር ላይ መገልበጥና አንድ ሰንጠረዥ መሥራት ነው፦ በአግድም ሰባቱ ዙሮች፣ በቁልቁል የዘፈኖቹ ስም፣ በየሳጥኑ የትራክ ቁጥሩና ከመጀመሪያው ምት እስከ መጨረሻው ሲምባል ያለው ሰኮንድ። አንድ ቅዳሜና እሑድ ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ ፍለጋ የደቂቃዎች ነገር ነው። የአንዱ ዘፈን ሁለት ቅጂ በአንድ ዙር ካለ ሳጥኑን ለሁለት ክፈሉት፤ ይህን የዘለለ ሰው በኋላ የማይገጥም ነገር ሲያጋጥመው ስሕተቱን ራሱ ላይ ሳይሆን ቅጂው ላይ ይፈልጋል።

ሲገለብጡ የትራኩ ድንበር ብዙ ጊዜ ጭብጨባው ወይም የአስተዋዋቂው ንግግር መሀል ይወድቃል። ዘፈኑን የሚያስተዋውቀው ቃል ከፊተኛው ትራክ ጅራት ላይ ሊቀር ይችላልና አንድን ዙር ሙሉውን እንደ አንድ ረጅም ፋይልም አስቀምጡት። ክፍተት የሚጨምር ማጫወቻ ተጠቅማችሁ የምታደምጡ ከሆነ፣ የሚሰማችሁ መቆራረጥ የሲዲው ጉድለት አይደለም።

ድግግሞሹ ሌላው ነገር ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ቀጠሮ ለማድመጥ መሞከር ጆሮን ያደክማል፤ አራተኛው «ሳቲስፋክሽን» ላይ ልዩነት መስማት ይቆማል። በቀን አንድ ዙር ይበቃል። በዚያ ልክ ሲደመጥ ደግሞ ሸክላው የደበቀው ነገር ይወጣል፦ ዘፋኙ ባንዱን እንዴት እንደሚነዳ፣ ሁለት ፈጣን ዘፈን ካስኬደ በኋላ ለምን ዝግ ያለውን እንደሚያስገባ፣ ዙሩ መጨረሻ ላይ ድምፁ ሲደክም እንዴት ጩኸቱን በሹክሹክታ እንደሚተካው።

ገንዘቡ ለሁለት የማይበቃ ሰው ምን ይግዛ? ለማድመጥ ከሆነ የ2010ሩን ባለ ሁለት ሲዲ። ቤቱ ምንጩ ያልታወቀ ቅጂ ላጠራቀመ ሰው ይህንን ስድስቱን፤ ሁለተኛ ግዢው ደግሞ የለንደንና የፓሪሱ ይሁን፤ በሁለቱ መካከል አብዛኛው ስም የሌለው ቅጂ ቦታውን ያገኛል።

ቦታውን ያገኘ ቅጂ ስሙ ላይ ሁሉንም ይያዝ፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ክለብ፣ ዙር፣ በዙሩ ውስጥ ያለው ተራ፣ ከየትኛው እትም እንደመጣ፣ በመጨረሻም አንዲት ቃል፤ አምስቱም ምልክቶች ከገጠሙ «የተረጋገጠ»፣ ሦስት ወይም አራት ከሆኑ «የተገመተ»። ከሦስት በታች ከሆነ ቀኑን ባዶ ተዉት።